ጀልባውን ሳይሆን ዓሣውን መከተል፦ አሳታፊ ዘጋቢ ፊልም ለዓሣ አስጋሪ መንደር ሴቶች ምን ይፈይዳል?

ጧት ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ጀልባዎች ዳር ይደርሳሉ፣ መረብ ይራገፋል፣ አባ ኮዳዎች አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰውም ቀድሞ የሚያነሣው ይህንኑ ነው፤ ጀልባውን፣ መረቡን፣ ወፉን። ፊልሙ ሲወጣ ታሪኩ የአስጋሪው ታሪክ ይሆናል፤ አስጋሪው ደግሞ ወንድ ነው።

ዓሣው ግን ጉዞውን የጀመረው ገና ያኔ ነው። ይታጠባል፣ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ይበለታል፣ ይጠበሳል፣ ይሸጣል። ርቆ የሚሄደው ይደርቃል ወይም ጭስ ይሞቃል። በዓለም ዙሪያ ባሉ ትንንሽ የዓሣ መንደሮች ይህን መንገድ ዓሣውን ተከትሎ የሚሄድ ሰው በየቦታው የሴት እጅ ያገኛል።

"አሳታፊ ዘጋቢ ፊልም" የሚለው ቃል በልማት ድርጅቶች ዕቅድና በፊልም ሥልጠናዎች ላይ ደጋግሞ ይሰማል። ብዙ ሰው ለነዋሪ ማይክ ዘርግቶ ሐሳብ መጠየቅ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ በተለይ ለእነዚህ ሴቶች ሲሆን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አሳታፊ ሲባል ምን ማለት ነው?

ዘጋቢ ፊልም ማለት በእውነተኛ ሰዎችና በእውነተኛ ክስተት ላይ የሚሠራ ፊልም ነው። "አሳታፊ" የሚለው የሚመለከተው ውሳኔውን ነው። ምን ይቀረጽ፣ ማን ይቅረጽ፣ ከተቀረጸው የቱ ይቆረጥ፣ ማን ይየው የሚሉትን የሚወስኑት ባለታሪኮቹ ሲሆኑ ፊልሙ አሳታፊ ይባላል። የፊልም ባለሙያው አለ፤ ሥራው ግን ማሠልጠን፣ ማገዝና እጁን መሰብሰብ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደዋል።

ፍርድ ቤት ወይም ቀበሌ ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው እናስብ። አንዲት እናት ችግሯን ትነግረዋለች። እሱ ይሰማል፣ ከዚያ ዳኛው ይወደዋል ባለው ቋንቋ አሳምሮ ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእሷ ነው፤ ነገሩ ግን የእሱ ሆኗል። ምን እንደተጻፈ ሳታውቅ ፈርማ ትሄዳለች። የተለመደው ዘጋቢ ፊልም፣ በጥሩ ልብ የተሠራው ጭምር፣ ለዚህ ይቀርባል። በአሳታፊው አሠራር ግን ጸሐፊው የጻፈውን መልሶ ያነብላታል። "ይህን አላልኩም፣ አውጣው" ትላለች፤ ያወጣል። "ይህን ጨምርልኝ" ትላለች፤ ይጨምራል። ወረቀቱ ለማን እንደሚሰጥ የምትወስነው እሷ ናት። ውሎ አድሮ ደግሞ መጻፉን ራሷ ትማራለች።

"ማብቃት" የሚለውም ቃል ብዙ ስለተባለ ሳስቷል። እዚህ የምጠቀምበት በሦስት ተጨባጭ ትርጉሞች ነው፤ ሴትየዋ ሥራዋ ተቆጥሮላት እንደሆነ፣ ስለ ሥራዋ በሚወሰንበት ስብሰባ ቃሏ ተሰምቶ እንደሆነ፣ ያልፈለገችውን ነገር "አይሆንም" ማለት ችላ እንደሆነ።

ለምን በተለይ የዓሣ መንደር ሴቶች?

ከቁጥሩ እንነሣ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ከዱክ ዩኒቨርሲቲና ወርልድፊሽ ከተባለው የዓሣ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ትልቅ ጥናት እንደሚለው በዓለም ከሚሰገረው ዓሣ ቢያንስ 40 በመቶው የሚመጣው ከአነስተኛ አስጋሪዎች ነው። በዚህ ዘርፍ ለገበያም ሆነ ለቤት ፍጆታ ከሚሠሩት ውስጥ ደግሞ 45 ሚሊዮን ያህሉ፣ ማለትም ከአሥር ሰዎች አራቱ፣ ሴቶች ናቸው።

ይህን ያህል ብዙ ሰው እንዴት አይታይም? መልሱ ያለው በቆጠራው አሠራር ላይ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለጀልባ ነው። የማኅበር አባልነት በብዙ ቦታ የሚለካው በመረብና በጀልባ ነው። የዓሣ ባለሙያ መዝገብ ይዞ ዳር ሲቆም የሚጽፈው ስንት ኪሎ ከውኃ እንደወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። በቋንቋችንም ቢሆን ያው ነው፤ ሴትየዋ ከንጋት ጀምራ ስትበልት ውላ "ምን ትሠራለች?" ተብሎ ሲጠየቅ "ባሏን ታግዛለች" ይባላል። የሚያግዝ ሰው ደመወዝ የለውም፣ መድን የለውም፣ ብድር ሲጠይቅም የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

በጣና ዙሪያ የዓሣ ቋንጣ ተሠርቶ በመተማ በኩል እስከ ሱዳን ይሄድ ነበር። በኬንያ የቪክቶሪያ ዳርቻ ኦሜና የምትባለውን ትንሽ ዓሣ ወንዶች ሌሊት በመብራት ያጠምዷታል፤ ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ እያገላበጡና ከዝናብ እየሸሸጉ የሚያደርቋት ግን ሴቶች ናቸው። ዝናብ ቢመታት ኪሳራው የማን ነው? ዓሣዋን የገዛችዋ የነጋዴዋ ነው። እንዲህ ያለው ኪሳራ ዓሣው ከውኃ ሲወጣ በተመዘገበው ኪሎ ላይ አይታይም።

ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ይህን ጉድለት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው የፋኦ የአነስተኛ ዓሣ አስጋሪዎች መመሪያ ዓሣው ከተያዘ በኋላ ያለውን ሥራ እንደ ዘርፉ አካል ይቆጥራል፣ የሴቶችንም ድርሻ በስም ይጠራል። መመሪያ ግን በግድ አይፈጸምም። በወረቀት ያለውን ወደ ሐይቅ ዳር የሚያወርድ ነገር ያስፈልጋል፤ ፊልም አንዱ መንገድ ነው።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

ይህ አሠራር የተወለደው ከዓሣ መንደር ነው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ላይ ፎጎ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በዐሥር ያህል መንደሮች ተከፋፍለው የሚኖሩ 5,000 ገደማ ሰዎች ነበሩባት። ኑሯቸው በኮድ ዓሣ ነበር። ትልልቅ መርከቦች ከጥልቁ ባሕር ያግዙት ጀመርና ወደ ጠረፍ የሚመጣው ዓሣ ቀነሰ፤ ብዙው ሰው በመንግሥት ድጎማ ላይ ወደቀ። መንግሥትም የተበታተኑ መንደሮችን ነዋሪ እያነሣ ወደ ትልልቅ መንደሮችና ከተሞች የሚያሰፍርበት ፕሮግራም ነበረው። በኒውፋውንድላንድ በጠቅላላው 30,000 ያህል ሰው በዚህ መንገድ ከቀዬው ተነሥቷል። ለፎጎም ተራው እየመጣ ነበር።

በዚያ ጊዜ የካናዳ ብሔራዊ ፊልም ቦርድ ባለሙያ የነበረው ኮሊን ሎውና የሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ክፍል ኃላፊ ዶናልድ ስኖውደን ተገናኙ። ሎው በመጀመሪያ ስለ ደሴቲቱ ችግር አንድ ፊልም መሥራት ይችል ነበር፤ የተለያዩ ሰዎችን ንግግር እየቆራረጡ በማጋጨት የሚሠራውን ዓይነት፣ አንዱ ሲል ሌላው ሲቃወም የሚታይበትን። ይህ ጎረቤትን ከጎረቤት እንደሚያጣላ ገባው። ስለዚህ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ቤተሰብ ወይም በአንድ ስብሰባ ላይ ብቻ የሚያተኩሩ ከ20 በላይ አጫጭር ፊልሞች ሠራ። እያንዳንዱ ሰው ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ተናገረ።

ሁለት ነገር ደግሞ ተጨመረ፤ ዛሬ ድረስ የዚህ አሠራር ምሰሶ የሆኑት እነዚህ ናቸው። አንደኛው፣ ከደሴቲቱ ውጭ ከመታየቱ በፊት የተቀረጸው ሰው አይቶ እንዲፈቅድ ተደረገ። ሁለተኛው፣ ፊልሞቹ በየመንደሩ አዳራሽ ታዩ። እርስ በርስ ለመነጋገር የሚቸገሩ መንደሮች፣ በሃይማኖትም በቦታም የተለያዩ፣ አንዱ የሌላውን ችግር በስክሪን አየ። የኔ ችግር የሚለው የጎረቤቱም እንደሆነ ገባው።

ከዚያ ፊልሞቹ ወደ ኒውፋውንድላንድ ዋና ከተማ ሄዱ፤ የአካባቢው መንግሥት ባለሥልጣናት አዩአቸው። የዓሣ ሚኒስትሩ መልስ መስጠት ፈለገ፤ መልሱም ተቀርጾ ወደ ደሴቲቱ ተመለሰ። ይህ ዙሪያ ገብ ጉዞ "የፎጎ ሂደት" ተብሎ ይጠራል። ሕዝብ ለሹም፣ ሹም ለሕዝብ፣ ፊት ለፊት ሳይገናኙ የሚነጋገሩበት ድልድይ ነበር። አስጋሪዎቹ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አጠናከሩ፣ ትልልቅ ጀልባ ሠሩ፣ ከደሴቲቱም አልተነሡም። እ.ኤ.አ. በ1992 የካናዳ መንግሥት ኮድ ማስገርን ሲዘጋ 30,000 ያህል ሰው ሥራ ሲያጣ የፎጎ ማኅበር ወደ ሸርጣንና ወደ ሌላ ምርት ዞሮ ተረፈ። ዛሬም አለ።

ይህን ሁሉ ያመጣው ፊልሙ ነው ማለት ግን ልክ አይሆንም። ደሴቲቱ ላይ ካሜራው ከመድረሱ በፊት የተቋቋመ የነዋሪዎች ኮሚቴ ነበር። ፊልሙ ያገኘው የሚነጋገር ሕዝብ ነው። ካሜራውን የምንቆጥረው እንደ እርሾ ነው፤ ሊጡ ከሌለ የሚቦካ ነገር የለም።

ፎጎ ላይ ሴቶቹስ የት ነበሩ?

በፎጎ ፊልሞች ውስጥ በስማቸው ቀርበው ረጅም የሚናገሩት ሰዎች ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ስለ ጀልባ፣ ስለ ነጋዴ፣ ስለ ድጎማ፣ ስለ ትምህርት የሚናገሩ ወንዶች። ሴቶቹ በሰርግና በቤተሰብ ቀረጻ መሐል ይታያሉ።

ያው ደሴት ላይ ግን ኮዱን ለሁለት የምትሰነጥቀው፣ ጨው የምትነሰንሰው፣ በእንጨት ቆጥ ላይ ዘርግታ ፀሐይ ሲከር የምትሸፍነው፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጣ የምትሰበስበው ሴት ነበረች። የደረቀው ዓሣ ደረጃና ዋጋ የሚወሰነው በዚህ ሥራ ጥራት ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1957 የካናዳ የሥራ አጥነት መድን ለአስጋሪዎች ሲፈቀድ፣ ከባሎቻቸው ጋር አብረው የሚሠሩ ሚስቶች ለብዙ ዓመታት አልተካተቱበትም። ባል አስጋሪ፣ ሚስት "አጋዥ"።

ሎው ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም ይህ የሆነው። ካሜራው የሄደው ሰው ወደሚሰበሰብበትና ወደሚነገርበት ነው፤ ወደ ጀልባ መሥሪያው፣ ወደ አዳራሹ። እዚያ የሚናገሩት ወንዶች ናቸው። ከካሜራው ጀርባ የቆሙትም በአብዛኛው እንደዚያው። "ሕዝቡ ይናገር" ብሎ መጥቶ ቀድሞውንም የሚናገረውን የሕዝብ ክፍል ብቻ መቅረጽ ይቻላል። ይህን ጉድለት የሚሞላው ካሜራውን ራሱን ለሴቶች መስጠት ነው። ጀልባውን የሚከተል ካሜራ ሴቶቹን ያጣቸዋል፤ ዓሣውን የሚከተል ያገኛቸዋል። ዓሣውን እስከ መጨረሻ የምትከተለው ደግሞ ራሷ ሴትየዋ ናት።

ማንበብ የማትችል ሴት ፊልም ልትሠራ ትችላለች?

ትችላለች። የሚታወቀው ማስረጃ ከሕንድ አህመዳባድ ነው። እዚያ ኤላ ባት እ.ኤ.አ. በ1972 የመሠረተችው፣ ሴዋ የሚባል የሴቶች የሠራተኛ ማኅበር አለ። አባላቱ አትክልት ሻጮች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ወረቀትና ቁራጭ ለቃሚዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ማርታ ስቱዋርት የተባለች አሜሪካዊት ባለሙያ ከማኅበሩ 20 ያህል ሴቶችን በቪዲዮ አሠለጠነች። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ያ ቡድን ቪዲዮ ሴዋ ሆኖ ቀጠለ፤ ሴቶቹ ስለ ገበያ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቁጠባ እየቀረጹ በየሰፈሩ አሳዩ።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። ፊደል ለመማር ዓመታት ይፈጃል፤ ማየትና መስማት ግን ሁሉም ሰው ያውቃል። ቀይ ቁልፍ ሲጫን ይቀርጻል፣ ዳግም ሲጫን ያቆማል። ታሪኩን በተርታ ለማስያዝ ሥዕል ይበቃል፤ ጀልባ፣ ቢላዋ፣ ሚዛን፣ የአውቶብስ ሥዕል በየካርቶኑ ተሥሎ መሬት ላይ ይደረደራል። ካልጣመ ይቀያየራል። እንጀራ ለመጋገር የምጣዱን ሙቀት በእጇ የምትለይ ሴት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ አይቸግራትም።

በተግባር እንዴት ይካሄዳል?

የመጀመሪያው ቀን ብዙውን ጊዜ በአንድ ጨዋታ ይጀመራል። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዷ ካሜራ ትይዛለች፣ ፊት ለፊቷ ያለችው ማይክ ትይዛለች። ማይክ የያዘችው ስሟንና አንድ የምትወደውን ነገር ትናገራለች። ከዚያ ካሜራውም ማይኩም ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ሁሉም ተራዋ ይደርሳታል፤ ሁሉም ትቀርጻለች፣ ሁሉም ትቀረጻለች። አሠልጣኙ "እትዬ፣ ቀዩን ይጫኑት" ይል ይሆናል እንጂ ካሜራውን ከእጃቸው አይወስድም። ቀረጻው ቢጣመም፣ የአንዷ ጭንቅላት ቢቆረጥ፣ ይሁን።

ዙሩ ሲያልቅ ወዲያው አብረው ያዩታል። ሳቁ የሚመጣው ያኔ ነው። ሰው የራሱን ድምፅ መጀመሪያ ሲሰማ አያምንም፤ አፍ በነጠላ ይሸፈናል፣ "ኧረ እኔ እንዲህ ነው የማወራው?" ይባላል። ግማሹ ትምህርት እዚህ ሳቅ ውስጥ አልቋል። ጭንቅላት ቆርጣ የቀረጸችው ሴት ማንም ሳይነግራት በሚቀጥለው ዙር ካሜራውን ቀና ታደርገዋለች።

በቀጣዮቹ ቀናት ታሪክ ይመረጣል። እዚህ ላይ አሠልጣኞች የሚደነቁት ነገር አለ፤ ሴቶቹ የሚመርጡት የውጭ ሰው ከገመተው የተለየ ይሆናል። የውጭ ሰው ስለ ዓሣ መመናመን መስማት ይፈልጋል። እነሱ ስለ ሚዛን ያነሣሉ። ወይ ስለ ጥላ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለሚሠሩበት፣ ልጅ የሚያስተኙበት ስለሌላቸው። ወይ ስለ ሽንት ቤት። ወይ ስለ ጣቶቻቸው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጀርባው ላይ እሾህ አለው፤ ቅርፊት ስትፍቅ እጇን ካልጠነቀቀች ይወጋታል፣ ቁስሉ ሳይድን ነገ እንደገና ውኃ ውስጥ ይገባል። አንዲት ሴት ካሜራውን ወደ ራሷ እጅ አስጠግታ ይህን ብትቀርጽ፣ ክንዷ ላይ ደርቆ እንደ ሳንቲም የሚያብረቀርቀውን ቅርፊት፣ አውራ ጣቷ ላይ ያለውን የቆየ ስንጥቅ፣ ጀልባ ከሚያሳይ ረጅም ፊልም የበለጠ ስለ ሥራዋ ይናገራል። ይህን የሚያውቅ ከውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቅንብር አለ፤ ማለትም ከጥሬው ቀረጻ የሚሆነውን መርጦ ማያያዝ። ሥልጣኑ የሚሰረቅባት ቦታ ይህች ናት። ሴቶቹ ቀርጸው ባለሙያው ከተማ ወስዶ ብቻውን ካቀናበረው፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ጊዜ ቢወስድም አብረው ተቀምጠው "ይህ ይቅር፣ ይህ ይግባ" ማለት አለባቸው። ላፕቶፑን የሚነካው አሠልጣኙ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን የእነሱ ነው።

ከዚያ ማሳየት። በመጀመሪያ ለራሳቸው፣ ከዚያ ለባሎቻቸውና ለመንደሩ፣ ከዚያ ለማኅበሩ መሪዎች፣ በመጨረሻም ለወረዳና ለዞን። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ባል ሚስቱን ስክሪን ላይ መጀመሪያ ያየው ከወረዳ ሹም ጋር ተቀምጦ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚከተለው ነገር ጥሩ ላይሆን ይችላል።

ፊልም ታየ፤ ከዚያስ ምን ይለወጣል?

ፊልም የቆሮሶን ዋጋ አይጨምርም። መረብ አይገዛም። የሚለውጠው የሚነጋገሩትን ሰዎች ነው።

በአንድ ዳር ያሉ ሴቶች በሌላ ዳር ያሉት ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም፤ ገበያ ጥለው ለጉብኝት አይሄዱም። ፊልሙ ይሄድላቸዋል። በዝዋይ ያሉት ከአከፋፋይ ጋር እንዴት እንደሚከራከሩ የሐዋሳዎቹ ቢያዩ፣ ስብሰባ የማይፈጥረውን ወሬ ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደቡብ ታንዛኒያ ውስጥ በሙትዋራና በሊንዲ ጠረፍ የሆነው ለዚህ ይቀርባል፤ ፈንጂ እየወረወሩ ዓሣ የሚገድሉ ሰዎች ያደረሱትን ጥፋት የመንደር ነዋሪዎች በቪዲዮ ተናግረው ቀረጻው ከመንደር መንደር፣ ከዚያም እስከ ባለሥልጣናት ዞሯል።

ሹሙም ጋ ሌላ ነገር ይፈጠራል። ወረዳ ቢሮ ገብታ የቆመች ሴት ሁለት ደቂቃ ይሰጣታል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ንግግሯ ይቋረጣል። ስክሪን ላይ ያለችውን ሴት ማቋረጥ አይቻልም። እስክትጨርስ ይሰማል። ከዚያ መልሱ ይቀረጻል፤ "እስከ ክረምት ጥላው ይሠራል" ካለ፣ ያለው ቃል የካሜራው ካርድ ላይ አለ፣ ክረምት ሲመጣ መልሶ ይታያል። ለዚህ ነው ያለ መልስ የሚቀር ፊልም ግማሽ ሥራ የሚሆነው። ፎጎን የጠቀመው ከሁሉ በላይ የሚኒስትሩ መልስ ተቀርጾ መመለሱ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ለውጥ ሴትየዋ ጋ ነው፤ ለመለካት ያስቸግራል። ሥራዋን በቅደም ተከተል ለካሜራ ያስረዳች ሴት "አግዛለሁ" ማለቷን ትተዋለች። ዓሣው ዋጋ የሚያገኘው የት የት እንደሆነ ራሷ ቆጥራዋለች።

አደጋ የለውም?

አለው፤ ይህን ሳይናገሩ ካሜራ ማከፋፈል ነውር ነው።

በኬንያ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ጃቦያ የሚሉት ነገር አለ። ዓሣ ሲመናመን አንዳንድ አስጋሪዎች ለሴት ነጋዴ ዓሣ የሚሸጡላት ገላዋን ከሰጠች ብቻ ነው። በዚያ አካባቢ ለኤች አይ ቪ ሥርጭት አንዱ መንገድ ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ንዱሩ በሚባል ዳር ያሉ ሴቶች "ያለ ወሲብ ዓሣ" በሚል እንቅስቃሴ የራሳቸውን ጀልባ አገኙ፤ ጀልባው የእነሱ ሲሆን የሚቀጠረው ወንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሐይቁ ሞልቶ መንደሩን አጥለቀለቀው።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ ፊቷን አሳይታ የምትናገር ሴት ነገ ዓሣ የምትገዛው ከዚያው ሰው ነው። ስለዚህ ፈቃድ አንድ ጊዜ ተፈርሞ የሚያልቅ ወረቀት መሆን አይችልም። ከቀረጻ በፊት ትጠየቃለች፣ ካየችው በኋላ ትጠየቃለች፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ተመልካች ከመታየቱ በፊትም ትጠየቃለች። በየትኛውም ጊዜ "ይቅር" ማለት ትችላለች፣ ምክንያት አትጠየቅም። ፊት ሳይታይ መናገር ይቻላል፤ እጅ ብቻ፣ መረብ ብቻ፣ ወይም የአንዷን ታሪክ ሌላዋ ትተርከዋለች። ድምፅም ሰውን ያሳውቃል፤ በትንሽ መንደር ሳል እንኳ ይለያል።

ሌላው አደጋ ከውስጥ ነው። ካሜራውን የማኅበሩ ሊቀመንበር ሚስት፣ የተማረችው፣ አማርኛ የምትችለው ብቻ ይዛ ከቀረች፣ የድሃዋ ድሃ እንደገና ተዘለለች። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሴቶችን የመሰሉ፣ ከጎረቤታቸው እኩል የማይታዩ ሰዎች ባሉበት፣ "የሴቶች ቡድን" ብሎ ማለፍ አይበቃም። የትኞቹ ሴቶች? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ስልክ በእጅ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ለምን?

ፎጎ ላይ የነበረው የ16 ሚሊሜትር ፊልም ውድና ከባድ ነበር። ዛሬ ስልክ ያንን ይሠራል። ግን ሴትየዋ በስልኳ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ብትለቀው ማን እንደሚያየው አታውቅም፤ የወረዳው ዓሣ ባለሙያ ላያየው ይችላል፣ ሊያሾፍባት የሚፈልግ ግን አያመልጠውም። አሳታፊው አሠራር የሚጨምረው አብሮ መምረጥን፣ አብሮ ማየትንና መልስ መቀበልን ነው። እነዚህ ሦስቱ ስልክ ላይ የሉም።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላም አለ። በሀገራችን የግብርና ኤክስቴንሽን ውስጥ ገበሬዎች ራሳቸው የሚታዩባቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በትንሽ ፕሮጀክተር በየመንደሩ ይታያሉ፤ ዲጂታል ግሪን የተባለ ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሲሠራበት የቆየ መንገድ ነው። ገበሬ ከገበሬ ስለሚማር ጠቃሚ ነው። መልእክቱ ግን፣ በመስመር መዝራት ይሁን ማዳበሪያ፣ ከላይ የተወሰነ ነው። መሣሪያው፣ ፕሮጀክተሩ፣ የለመደው ተመልካች አለ። የጎደለው ጥያቄው ከታች እንዲነሣ መፍቀድ ነው።

ካርዱ የት ያድራል?

ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ስለ አንድ ፕሮጀክት ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ሥልጠናው አልቆ እንግዶቹ ሲሄዱ ካሜራው፣ ጥሬው ቀረጻና ያለቀው ፊልም ማን ጋ ይቀራል? ድርጅቱ ጋ ከሄደ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የዚያች ሴት ፊት በማታውቀው ከተማ፣ በማታውቀው ብሮሹር ላይ ይወጣል።

መልሱን እድር ያውቀዋል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልቁ ድስት የማንም የግል አይደለም፤ ዕቃ ቤት አለው፣ ቁልፍ ያዥ አለው፣ ማን መቼ እንደወሰደው ይጻፋል፣ የሰበረ ይከፍላል። ካሜራና ካርድም እንደዚሁ ሊያዙ ይችላሉ። ቁልፉን ሁለት ሴቶች ይይዛሉ፣ ከሁለት የተለያየ ሰፈር። ቅጂ ለሚጠይቅ ሰው፣ ጋዜጠኛም ይሁን ተመራማሪ፣ ስሙና ምን ሊያደርግበት እንደፈለገ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት ትጠየቃለች። ማሳያ ቀኑንም ዓሣ ገበያ በማይበዛበት ቀን ያደርጉታል፤ በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ በዚያ ወቅት የትኛዋም የምትቀመጥበት ጊዜ የላትም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቢላዋው ታጥቦ ከተቀመጠ ወዲያ፣ ቡናው ሲፈላ ይታያል።